የሾላ ምንጭ መራጮች

የምርጫው ሳምንት ሲገባ የልብስ እጥበት ቤቱ ሠራተኞች ሥራ አይያዝላቸውም። ማሽኑ ይዞራል፣ አንሶላው ይተኮሳል፣ አፍ ግን የሚያወራው «ርስት» ስለሚባለው ጨዋታ ብቻ ነው። ማን ሮምን ሊይዝ ነው፣ ማን ወደ ፋርስ ሊዞር ነው፣ አምና በቻይና ተጫውቶ ጉድ የሆነው የማድረቂያ ክፍሉ ሰውዬ ዘንድሮ ምን አስቧል፤ ይኸው ነው ወሬው። ትርንጎ አዳሙ አንሶላዋን እያጠፈች ትሰማለች። እሷን ማንም አይጠይቃትም። የሷማ ይታወቃላ!

«አንቺ ያው ነሽ መቼም» ይሏታል፣ ለወጉ ያህል። እሷም ያው ነኝ ትላለች። ጨዋታው ከተጀመረ አንስቶ ዓመት በመጣ ቁጥር የምትመርጠው አንድ ሥልጣኔ ነው። ዝርዝሩ ላይ ከሱመር ቀጥሎ ይገኛል፤ ስሙ ሾላ ምንጭ ይባላል።

ሾላ ምንጭ የተወለደችበት መንደር ነው። በ2061 ዓ.ም. የግድቡ ውሃ ወጣና ዋጠው፤ ያን ጊዜ ትርንጎ ገና ኮረዳ ነበረች። ሕዝቡ ከመነሳቱ በፊት ቀራጮች መቅረጫቸውን ይዘው መጥተው ሁሉንም ሰው ቀርጸው ወስደዋል፤ ድምፁን፣ አረማመዱን፣ ሳቁን፣ ሲጣላ እንዴት እንደሚጣላ፣ ሲታረቅ እንዴት እንደሚታረቅ። ይህን ሁሉ ሰው የት እናስቀምጠው ሲባል ሰፊ ቦታ ያለው ጨዋታው ሆኖ ተገኘ። ውሃ የዋጠው፣ ከተማ የበላው፣ ድርቅ ያራቆተው መንደር ሁሉ «ርስት» ውስጥ ገባ። እነ ሮምና እነ ግብፅ በተሰለፉበት ሰልፍ፣ እኩል ስም ተሰጥቶት። እኩልነቱ ግን የስም ነው።

ደንቡን ሕፃን ልጅ ሳይቀር ያውቀዋል። አንድ ሰው በዓመት አንድ ሥልጣኔ ብቻ ይመርጣል። ምርጫው የግል ነው፤ ማን ምን እንደመረጠ አይገለጽም። አንድም ሰው ያልመረጠው ሥልጣኔ ግን ይዘጋል፤ ሕዝቡም ወደሌሎቹ ይበተናል። ሾላ ምንጭ እስከዛሬ ተዘግቶ አያውቅም። የአገሩ ልጆች አዲስ አበባ ውስጥ እድር አላቸው፣ እድርተኛው ደግሞ ሌላ ቢረሳ ይህን አይረሳም ተብሎ ይታመናል።

ችግሩ ሾላ ምንጭ አሸንፎ አያውቅም። እንዴት ያሸንፍ? ቀራጮቹ ሕዝቡን ልክ እንደነበረው ነው የወሰዱት። ጦር ሲመጣባቸው ሽማግሌዎቹ ቀድመው ይወጡና ደህና ዋላችሁ ይላሉ። ከየት ናችሁ፣ የነማን ዘመድ ናችሁ ብለው ይጠይቃሉ። ሴቶቹ የእግር ውሃ ያመጣሉ። ጦሩ ደግሞ ለዚህ የሚመልሰው መልስ የለውም፤ ያቃጥላል። ትርንጎ አንድ ዓመት በብዙ ልመና ግንብ አስገነባች። በማግስቱ ብትገባ አንዱን ጎን አፍርሰውት አገኘች፤ የጎረቤት ላሞች መተላለፊያ ነው አሏት። በጣም ተናደደች፣ ሳቋም መጣ፣ ያን ዓመትም ተቃጠሉ።

ይህ ደግሞ ጨዋታ ነው ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። እጥበት ቤቱ ውስጥ የተሸነፈ ሰው ፈረቃ አይመራም። ባንክ ቤትም እንዲሁ ነው፣ ክሊኒክም እንዲሁ ነው። ድሮ ዲግሪ ይጠየቅ እንደነበረው መሆኑ ነው፤ የሚገርመውም የለም። ትርንጎ ያሠለጠነቻቸው ልጆች አንድ በአንድ አለቆቿ ሆነዋል። አሁን እየመጣ ትእዛዝ የሚሰጣት ልጅ ብረት ካውያ እንዴት እንደሚያዝ ያሳየችው እሷ ናት። እሱም ደግ ልጅ ነው፣ «እትዬ ትርንጎ» ሳይል አያዛትም፤ ይኼ ነው ይበልጥ የሚያንገበግባት።

ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ምን አስቻላት ቢባል እናቷ ናት። እናቷ የዝና ከመንደሩ ከወጡ በኋላ ኮንዶሚኒየም አምስተኛ ፎቅ ላይ ኖረው፣ ደረጃውን እንደተራገሙ አረፉ። አባቷ አቶ አዳሙም ብዙ አልቆዩም። ሾላ ምንጭ ውስጥ ግን ሁለቱም አሉ። የዝና ውሃ ሲቀዱ የኖሩበት ጎናቸው ትንሽ ዘንበል ብሎ፣ ከምንጩ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ምንጩ ይላሉ። አዳሙ ደጃፍ ተቀምጠው ያስላሉ። ሳላቸውን ማንም ያውቀዋል፦ ሁለት አጭር፣ ከዚያ አንድ ረጅም እንደ ማጉረምረም ያለ። ቀራጮቹ እናጥፋው ብለው ነበር አሉ፤ ልጆቹ ናቸው አይጥፋ ያሉት።

ትርንጎ ከሥራ ወጥታ፣ እራቷን ጥዳ፣ የጨዋታውን መነጽር አድርጋ ስትገባ እናቷ ገና ከሩቅ ያዩዋታል።

«ትርንጎዬ፣ በላሽ?»

ሌላ ብዙ አያወሩም። በልቻለሁ እማ ትላለች። ከስተሻል ይሏታል። ወንድሟ ምንይችል ይህን ስትነግረው፣ ሥዕል እኮ ናቸው ይላል። ሥዕል መሆናቸው ጠፍቷት አይደለም።

አሁን ስለ ፊንቄ እንናገር። ጨዋታው መለማመጃ የሚባል ጓዳ አለው፤ እዚያ የፈለጉትን ይዞ መጫወት ይቻላል፣ አይቆጠርም። ትርንጎ አንድ ቀን እንዲያው ለማየት ብላ ፊንቄን ያዘች። ባሕር ነው፤ ዝግባ ነው፤ መርከብ ነው። ደግሞ ጨርቅ ያቀልማሉ፤ ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ጨርቅ ያጠበች ሴት እንደዚያ ያለ ወይን ጠጅ ቀለም አይታ አታውቅም። ከሁሉ በላይ ግን ሰዎቹ ይታዘዛሉ። ግንብ ሥሩ ስትላቸው ይሠራሉ፣ አያፈርሱም። በላሽ ብሎ የሚጠይቃትም፣ የማን ልጅ ነሽ የሚላትም የለም። በሦስተኛው ቀን የጎረቤቱን ወደብ ያዘች። ማሸነፍ እንደዚህ ነው ለካ አለች።

ከዚያ ወዲያ ለመደባት። በጾም ቀን ሥጋ ቤት እንደሚገባ ሰው ግራ ቀኝ እያየች ትገባለች፤ ወጥታም ለእናቷ ሰላምታ ሳትሰጥ አትተኛም። ሾላ ምንጭን ትወዳታለች። ሥራ ላይ ቆማ የምታስበው ግን ፊንቄን ነው። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ ለራሷም ቢሆን በግልጽ አልነገረችም።

የዘንድሮው ምርጫ ከመዘጋቱ በፊት በነበረው እሑድ እድሩ ተሰበሰበ። ድሮ አዳራሹ ሞልቶ ሰው ደጅ ይቆም ነበር፤ አሁን ወንበሩ ይተርፋል። ሊቀ መንበሩ አያ ፈንቴ ስለ ድንኳኑ ቀዳዳና ስለ ወንበሮቹ ከተናገሩ በኋላ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ስለ ምርጫው…» አሉና ቆም አሉ። «መቼም ይህ አይጠየቅም።»

«ምኑ ይጠየቃል!» አሉ አንዲት ባልቴት ከኋላ። «እናቱን የሚረሳ አለ እንዴ?»

አዳራሹ አጉረመረመ። ጥያቄው ራሱ ስድብ እንደሆነ ሁሉም ተስማማ። ከሁሉም ድምፅ የትርንጎ ከፍ ያለ ነበር። አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ እስቲ እጃችንን እናውጣ ቢል ኖሮ ነገሩ እዚያው ባለቀ። ግን ማን ይበል? እጅ አውጡ ማለት ተጠራጥሬያችኋለሁ ማለት ነው። በሾላ ምንጭ ሰው ፊት ደግሞ ከመጠርጠር መሞት ይቀላል። ትርንጎ የተቀመጠውን ሰው አየች። ከዚህ ሁሉ መሐል የኔ አንዷ ብትጎድል ማን ያውቃል አለች በልቧ። ባልቴቷም አሉ፣ አያ ፈንቴም አሉ፣ ደግሞ ምንይችል አለ።

ምንይችል ታላቋ ነው፤ አዳማ የፀሐይ ሰሌዳ ያጥባል። ያን ቀን እንደ ልማዱ ደወለ። ስለ አቧራው፣ ስለ ጉልበቱ ነገራት። ከዚያ ስለ ፈረስ አወራ፤ የሞንጎል ፈረስ አጭር ሆኖ እንዴት ለፍቶ እንደማይደክመው፣ የሚጋልበው ሰው እንዴት ኮርቻው ላይ እንደሚያድር። መቼ አጥንተህ ነው አለችው። እንዲያው አንብቤ ነው አላት። ስለ ምርጫው ሁለቱም ዙሪያውን ሲዞሩ ቆዩና መጨረሻ ላይ እሱ ያው ነሽ አይደል አለ። እሷ ያው ነኝ፣ አንተስ አለች። እኔማ ምን እሆናለሁ አለ። መልስ አይደለም። መልስ አለመሆኑን ሰምታለች፤ ቢሆንም እንዳልሰማች መሆኑ ተስማማት።

ሐሙስ ከሥራ እንደገባች ዝርዝሩን ከፈተችው። መጀመሪያ ሾላ ምንጭ ገባች። ምሽቱ ገና ነው፤ ከብቱ ይገባል፣ አባቷ ደጃፍ ላይ ያስላሉ። እናቷ ከነእንስራቸው ቆሙላት።

«ትርንጎዬ፣ በላሽ?»

«በልቻለሁ፣ እማ። ዘንድሮ ትንሽ ልጥፋ ነው።»

«የት ልትሄጂ?»

«ሥራ ነው።»

«በሰላም ግቢ» አሉ የዝና። እንደዚያ ነው የተቀረጹት፤ ለሚሄድ ሰው ሌላ የላቸውም። ትርንጎ ግን ፈቀዱልኝ ብላ ያዘችው። ወጣችና ፊንቄ ላይ ጣቷን አሳረፈች። እርግጠኛ ነዎት ወይ የሚል ጥያቄ መጣ። ቤቱ ውስጥ ከሷ በስተቀር ሰው የለም፤ እሷ ግን ዞር ብላ ወደ በሩ አየች። ከዚያ ነካችው።

አርብ ጠዋት እጥበት ቤቱ ውስጥ አዲሱ ዝርዝር ወጣ። ካውያዋ አጠገብ የምትሠራው ሸዋዬ ከፍ አድርጋ ስታነብ ነበር። ሱመር ብላ ቁስጥንጥንያ አለችና ቆመች። ወደ ላይ መለሰችው፤ እንደገና ወረደች።

«ውይ፣ ትርንጎ! ያንቺ አገር የለችም እኮ።»

ሁሉም ዞረ። ሸዋዬ ነገሩ ገና ስላልገባት፣ አንቺ መርጠሽ የለም እንዴ፣ እንዴት ይዘጋል ብላ ጠየቀች። ከዚያ ገባት፣ አንገቷን ደፋች። ትርንጎ ስህተት ይሆናል አለች። የያዘችው የትራስ ልብስ ካውያው ሥር ቡናማ እየሆነ ነበር፤ በሥራ ዘመኗ አንድ ጨርቅ አቃጥላ አታውቅም።

ማስታወቂያው ለየእድርተኛው ደርሶ ነበር። አጭር ነው። «ሾላ ምንጭ፦ መራጭ የለም። ሕዝቡ ተበትኗል። የተበተኑ ሰዎች በተቻለ መጠን ዘመድ ወዳለበት ሥልጣኔ ይመደባሉ። ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን።» ትርንጎ መጸዳጃ ቤት ገብታ ደጋግማ አነበበችው። መራጭ የለም ማለት አንድም ሰው የለም ማለት ነው። መጀመሪያ፣ እግዜር ይቅር ይበላትና፣ ቀለል አላት፤ ብቻዬን አይደለሁም አለች። ቆይቶ ግን ባሰባት። የሁሉም እንደሆነ ስታውቅ የራሷ ድርሻ አላነሰላትም፤ የምትወቅሰው ሰው ብቻ ጠፋባት።

ቅዳሜ ጠዋት ማንም ሳይጠራቸው አዳራሹ መጡ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፣ ወንዶቹ ኮፍያቸውን ይዘዋል። እሑድ ያልመጡትም ሁሉ መጥተዋል፤ ሞልቷል። ተቀመጡ። እድር ነውና የሚያውቀው ለቅሶ ነው፣ ይህን ግን ምን ብሎ ይጀምረው? እግዜር ያጽናችሁ የሚል ጠፋ፤ ለማን ይበለው? በመጨረሻ አንዱ የድንኳን ኃላፊ ድንኳን ይተከል እንዴ ብሎ ጠየቀ።

አያ ፈንቴ በከዘራቸው ወለሉን መታ አደረጉ። «ማን ሞተ ብለን እንትከል?» አሉ። «ጎረቤት መጥቶ ምን አገኛቸው ቢለንስ?»

ባልቴቷ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። አያ ፈንቴ ከመቀመጫቸው ተነሡ። «እኔ ሌላው አለ ብዬ ነው» አሉ። በአዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ቢናገር የሚናገረው ይህችኑ ነበር፤ ቀድመው ወሰዱበት። ድንኳኑ እንደተጠቀለለ ቀረ። ሰዉም አንድ አንድ እያለ፣ ሳይሰነባበት ወጣ።

ትርንጎ ወደ ጨዋታው አልገባም ብላ ነበር። እስከ እሑድ ከሰዓት ቻለች። ደግሞ በመጀመሪያው ሳምንት ያልገባ ሰው ከነጭራሹ ይሠረዛል። ከተሠረዘችስ ፊንቄ ውስጥ የሚመደቡላት የሾላ ምንጭ ሰዎች የት ይደርሳሉ? ይህን ምክንያት አደረገችና መነጽሯን አነሣች።

ወደቡ እንደተመኘችው ነው። ባሕሩ ይብረቀረቃል፣ የቀለም ጋኖቹ ተደርድረዋል። መርከቡ አጠገብ አዲስ የተመደቡ ሠራተኞች ቆመዋል፣ ወይን ጠጅ መቀነት ታጥቀው፣ ፀጉራቸውን በአገሩ ልማድ ተሠርተው። ጥቂት ናቸው። ሦስተኛዋ ሴት ጎኗ ወደ ቀኝ ትንሽ ዘንበል ይላል።

ትርንጎ ቀረበች። ሴትዮዋ ጎንበስ ብለው እጅ ነሱ።

«ምን ልታዘዝ፣ እመቤቴ?»

ድምፁ የእናቷ ነው፤ ቅንጣት አልተለወጠም።

«እማ» አለች። «እኔ ነኝ። ትርንጎ ነኝ።»

«ምን ልታዘዝ፣ እመቤቴ?»

«እማ፣ በልቻለሁ እኮ። ጠይቂኝ።»

«ሥራ ይስጡኝ፣ እመቤቴ።»

ትርንጎ አለቀሰች። መነጽሩ እየደበዘዘባት ከየት ነሽ ብላ ጠየቀቻቸው፤ ሌላ የምትለው አጥታ። የዝና ከዚሁ ነኝ አሉ። እንዳይዋሹ ተደርገው የተሠሩ ሰዎች ናቸውና ከዚሁ ነኝ ሲሉ ከዚሁ ናቸው ማለት ነው።

ሥራ ያልተሰጠው ሠራተኛ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ሌላ ከተማ ይወሰዳል። የትእዛዙን ዝርዝር አወጣች። መቆፈር፣ መቅዘፍ፣ ድንጋይ መሸከም፣ ቀለም መንከር፣ ዘብ መቆም። እረፊ የሚል የለም። ተቀመጪ የሚል ፈለገች፣ ታች ድረስ ፈለገች፣ የለም። ሌላ ከማጣት ዘብ መቆምን መረጠችላቸው፤ በሩ አጠገብ ዝግባ አለ፣ ጥላ ይሆናቸዋል ብላ። የዝና ጦር ተሰጣቸው። ሄደው በሩ ላይ ቆሙ። ወዲያው አንድ መንገደኛ ነጋዴ ከነአህያው መጣ። ትርንጎ አየች፤ ከየት ነህ ይሉት ይሆን፣ ውሃ ያመጡለት ይሆን ብላ። የዝና ጦሩን ደረቱ ላይ ደቀኑበት። ሰውየው ተመለሰ።

መነጽሩን አላወለቀችም። ታያቸው ነበር። እዚያው እንዳለች ምንይችል ደወለ።

ሰላምታው ረዘመ። ጤናሽን፣ ሥራሽን፣ ውሃ ይመጣል ወይ አላት። ስለ እድሩ ስብሰባ አላነሣም፤ እሷም አላነሣች። ሰሌዳዎቹ ላይ አቧራ በዛ አለ። ዝናብ ቢጥል ነበር አለች። ከሱ በኩል፣ ከጀርባው፣ የፈረስ ኮቴ ይሰማል፣ ብዙ ፈረስ። ከፈረሶቹ መሐል ደግሞ አንድ ሰው አሳለ። ሁለት አጭር። ከዚያ አንድ ረጅም፣ እንደ ማጉረምረም ያለ።

«ማን ነው የሚያስለው?» አለች ትርንጎ።

«ጎረቤት ነው።»

«እግዜር ይማራቸው።»

«አሜን» አለ። ስልኩን መዝጋት ለሁለቱም ከበዳቸው። «አንቺስ?» አለ ቆይቶ። «ብቻሽን ነሽ?»

«ብቻዬን ነኝ።»

በሩ ላይ የቆሙት ዘብ የፈረቃ ማብቂያ ደወል ሰምተው ወደሷ ዞሩ። ጦራቸውን መሬት ላይ ተክለው ጎንበስ አሉ።

«ምን ልታዘዝ፣ እመቤቴ?»

ጥርት ብሎ ነው የተሰማው። አዳማ ድረስ ደርሷል። ከስልኩ ወዲያ ፈረሶቹ ብቻ ለብዙ ጊዜ ሲረግጡ ቆዩ፣ ምንይችል ሲተነፍስ ይሰማል። ከዚያ ልጅ ሳሉ በሚጠራት ድምፅ፣ ቀስ ብሎ፣ «እግዜር ያጽናሽ» አላት።

«አንተንም» አለችው።